ለዜማ የሚጻፍ ቃል፦ ዮፍታሔ ንጉሤና የባለ ግጥሙ ሙያ

በጫግኒ ትምህርት ቤቶች፣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ተሰልፎ የብሔራዊ መዝሙሩን ይዘምራል። ከመካከላቸው አንዱን ለይታችሁ ዜማውን አንጎራጉርልኝ ብትሉት ሳይሳሳት ያወርደዋል። ቃሉን ማን ጻፈው ብትሉት ግን ጓደኞቹን ዞር ብሎ ያያል። መምህሩም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ያው ነው። መልሱ ይኸውላችሁ፦ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የምንዘምረውን መዝሙር ግጥም የጻፈው ደረጀ መላኩ መንገሻ ነው፤ ዜማውን የደረሰው ደግሞ ሰሎሞን ሉሉ ምትኩ። ከዚያ በፊት በደርግ ዘመን የነበረውን አሰፋ ገብረ ማርያም ተሰማ ጻፈው፤ ዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ ዜማ ሰጠው። የመጀመሪያውን፣ የንጉሡን ዘመን መዝሙር፣ የጻፈው የእኛው የጎጃሙ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱና ስለ ሙያው ነው። ሙያው ቃልን ለዜማ ማዘጋጀት ነው። በአውሮፓ ለኦፔራ የሚጻፈው የቃል ድርሰት ሊብሬቶ ይባላል፤ ጸሐፊውም በዚያው ስም የሚታወቅ ባለሙያ ነው፤ ክፍያውና ውሉ ለብቻው ነው። እኛ ዘንድ ሥራው ጥንትም አለ። ሠሪው ግን አንዴ ባለቅኔ፣ አንዴ አዝማሪ፣ አንዴ ጸሐፌ ተውኔት እየተባለ ሌላ ስም ተሸክሞ ኖሯል። ዮፍታሔ ሦስቱንም ስለሚነካ ሙያውን ለመማር ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም።

የተወለደው በደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ በቅኔ ጉባኤዋ ስሟ የገነነ ደብር ናት፤ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም ካለፉባቸው ጉባኤዎች አንዷ ናት። ዮፍታሔ እዚያ ቅኔ ተቀኝቶ ነው አዲስ አበባ የገባው። ቅኔ ቤት ለአንድ የወደፊት ጸሐፌ ተውኔት ምን ያስተምረዋል ለሚል ሰው ብዙዎች ሰምና ወርቅ ብለው ይመልሳሉ። ልክ ናቸው፤ ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው።

የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይዞ፣ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ማታ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ይሰብርበታል ወይም ያርምለታል። ሲቆጥር ግን እንደ ፈለገ አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት፤ መወድስ ስምንት። እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው፤ በማኅሌቱ ውስጥም የራሱ ቦታ አለው። ተማሪው ሥራውን ሲጀምር ዜማው አስቀድሞ ተቀምጧል፤ ርዝመቱ ተወስኗል፤ የሚነገርበት ጊዜም ታውቋል። የእርሱ ድርሻ በዚያ ልክ የሚገባ፣ ትናንት ያልተባለ፣ ነገ የማይደገም ቃል ማምጣት ነው። ይህን ለዓመታት የሠራ ሰው አንድ ሙዚቀኛ መጥቶ ዜማው ይህ ነው፣ ቃል ስጠኝ ቢለው አይደናገጥም። ሌላ ምንም ሳይሠራ የኖረ ነውና።

ተውኔት ወደ አገራችን የገባበትን ሌላ መንገድ ከዚህ ጋር እናስተያየው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ተምረው የአውሮፓን ቴአትር ያዩ ሰው ነበሩ። ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ተነሥተው የአገሩን አስተዳደር ጎሸም አደረጉ። ተውኔቱ መኳንንቱ በተገኙበት ታየ፤ የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥትም ነገሩ ገባውና ከለከለ። ቴአትር እንደ ገና ቀና ያለው ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ነው። ስለዚህ የተክለ ሐዋርያት ተውኔት አውሮፓን አይቶ የመጣ ነው። የዮፍታሔ ግን ከቅኔ ቤት ወጥቶ መድረክ ላይ የወጣ ነው፤ ሁለቱን በአንድ መስፈርት መለካት አያስኬድም።

ዮፍታሔ አዲስ አበባ በመምህርነት ሲሠራ ተማሪዎቹን ይዞ ተውኔት ያሳይ ጀመር። የዘመኑ መድረክ እንዲህ ነበር፦ ተዋንያኑ ተማሪዎች፣ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱትም ወንዶች ልጆች፣ ተመልካቹ መሳፍንትና መኳንንት፣ የውጭ አገር እንግዶችና የተማሪ ወላጆች። «ምስክር»፣ «እያዩ ማዘን»፣ «አፋጀሽኝ» ከሚታወቁለት ተውኔቶቹ ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የሚሰማው ነቀፋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ድርጊት ያንሳቸዋል፤ ግጥምና መዝሙር ይበዛባቸዋል፤ ገጸ ባሕርያቱ ሰው ሳይሆኑ ምሳሌ ናቸው። እኔ ነቀፋው ትክክል ሆኖ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ግጥሙ የተውኔቱ ጌጥ ቢሆን ኖሮ በዛ ይባል ነበር። ነገር ግን ተመልካቹ የመጣው ሊሰማ ነው፤ ተውኔቱም የተሠራው ዘፈኑ እንዲነገርበት ነው። የአውሮፓ ኦፔራ ተመልካች ሴራው ልል ነው ብሎ አይከስም፤ ዮፍታሔም ከዚያ ወገን ቢታይ ይሻላል።

አሁን ወደ መዝሙሩ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከቱርክ ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ወደዷቸውና ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ለብሔራዊ መዝሙሩ ዜማውን የደረሰው ኬቮርክ ነው፤ ግጥሙን ደግሞ ዮፍታሔ ጻፈው። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» በሚል የሚታወቀው መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

የሥራውን ክብደት እናስበው። አንደኛው ያደገበት ሙዚቃ የአውሮፓ ማርሽ ነው፤ እርምጃው እኩል፣ ምቱ አራት ማዕዘን። ሌላው ያደገበት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ የሚረዝም፣ የሚታጠፍ፣ ለእግር ሳይሆን ለመቋሚያ የተሠራ። የወታደር ባንድ በነሐስ መሣሪያ የሚነፋውን ዜማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ፣ ሕፃኑም ጭምር፣ ሳይደናቀፍ እንዲዘምረው ማድረግ ነበረበት።

ይህ እንዴት ይሠራል? ሦስት ነገር ላሳያችሁ። ጎጃም ውስጥ ጠጅ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሳለ አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ዜማውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ ያወጣዋል። ስንኙ ልኩን ከሳተ አዝማሪው ያጥፈዋል፣ ይቀጥለዋል፣ ፈገግ ይላል፤ የሰጠው ሰው ግን ማፈሩ አይቀርም። ያ ሰው ለዚያች ቅጽበት ባለ ግጥም ሆኗል፤ ሕጉም እንደ ዮፍታሔ ሕግ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ቆጠራ ነው። በብዛት የምንገጥምበት የወል ቤት የሚባለው ልክ በአንድ ስንኝ ስድስትና ስድስት ቀለም ይይዛል፤ መካከሉ ላይ እረፍት አለው። ለማሳያ ያህል እኔው ልግጠም፦ «ከእንጅባራ ወርጄ፣ ጫግኒ ገበያ ነኝ»። ከን–ጅ–ባ–ራ–ወር–ጄ፣ ስድስት። ጫግ–ኒ–ገ–በ–ያ–ነኝ፣ ስድስት። ፊደሉን ብትቆጥሩ ይበልጣል፤ ሳድሶቹ ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ስለሚለጠፉ ለጆሮ አይቆጠሩም። ግጥም በዓይን የሚቆጥር ጀማሪ ዜማ ላይ ሲደርስ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። እረፍቱም «ወርጄ» ላይ እንዳረፈ አስተውሉ፤ ዘማሪው እዚያ ይተነፍሳል። ቃል መካከል እንዲተነፍስ ብታስገድዱት ስንኙ ይሰበራል።

ሁለተኛው መድረሻው ነው። ዜማ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ይረዝማል። «ነኝ» የሚለውን አራት ምት ያህል አርዝሙት እስኪ። አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፤ አፍ ተዘግቷልና ድምፁ መውጫ የለውም። ስለዚህ ባለ ግጥሙ ይለውጠዋል፦ «ከእንጅባራ ወርጄ፣ ጫግኒ ገበያዬ»። ቀለሙ ያው ስድስት ነው፤ «ዬ» ግን አፍ ከፍቶ የፈለጉትን ያህል ይያዛል። ታዲያ ዋጋ አስከፍሏል፦ የመጀመሪያው ስንኝ ሙሉ ሐሳብ ነበር፤ ሁለተኛው ተንጠለጠለ፤ ሰውዬው ወርዶ ምን እንደ ሆነ ቀጣዩ ስንኝ መናገር አለበት። ለዜማ የሚጽፍ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በእንዲህ ያለ ልውውጥ ነው። ትርጉም ይሰጣል፣ ድምፅ ይቀበላል፣ የሰጠውን ደግሞ በሌላ ስንኝ ያስመልሳል። «አገር» ከማለት «አገሬ» ማለት በመዝሙሮቻችን የበዛው በፍቅር ብቻ አይምሰላችሁ፤ «ሬ» ለጉሮሮ ስለሚመች ጭምር ነው።

ሦስተኛው በአማርኛ የባሰ ነው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ ወይም መሠረታዊ ነው፤ ሲላላ ውሃ ላይ የሚዋኙት ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር። አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል። ዘማሪ ግን ዜማው ቶሎ ቶሎ ሲሄድ የሚጠብቀውን ለማጥበቅ ጊዜ አያገኝም፤ ዜማው ሲንቀረፈፍ ደግሞ የሚላላው ይጠብቅበታል። በማርሽ ምት ውስጥ እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ቦታው ያስቀመጠ ገጣሚ የአገሩን መዝሙር መሳቂያ ሊያደርገው ይችላል። ቅኔ ቤት ያደገ ጆሮ ይህን ከጥንቱ ያውቀዋል። በግእዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እየተባለ የሚለየው ሁሉ ቃል ሲነገር የት እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ ማስተማሪያ ነው።

ሙያው በሌላው ዓለም የት ደረሰ? በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የነበረ አንድ የፓሪስ ሰው እንውሰድ፤ ዩጂን ስክሪብ። በ1791 እ.ኤ.አ. ከሐር ነጋዴ ቤት ተወለደ፤ ሕግ ተማረ፤ ሕጉን ትቶ መድረክ ገባ። ብቻውንም ከጓደኞቹም ጋር ከ300 በላይ ተውኔቶችና ሊብሬቶዎች ጽፏል። የእርሱ ተውኔት እንደ ሰዓት የተገጠመ ነው፦ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ሰው በሰው ይሳሳታል፣ ምስጢሩ በትክክለኛዋ ደቂቃ ይፈነዳል። በ1834 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ። ለሙያው የሠራው ትልቁ ነገር ግን ገንዘብ ነክ ነው። ጸሐፊ በአንድ ጊዜ ክፍያ ከሚሸኝ ተውኔቱ በታየ ቁጥር ከመግቢያው ገቢ ድርሻ ያግኝ ብሎ ተከራከረ፤ በ1829 ለደራስያንና ለዜማ ደራስያን መብት የሚቆመውን ማኅበር ካደራጁት አንዱ ነው። በዚህም ሀብታም ሆነ። ሐሳብ ብቻ ላቀበለው ሰው እንኳ ስሙን አስገብቶ ድርሻ ይሰጥ ነበር ይባልለታል።

ስክሪብ ለኦበር፣ ለሜየርቢር፣ ለአሌቪ፣ ለቬርዲ ጽፏል። ስለ ሥራው ጠባይ አንድ ታሪክ ይበቃል። ለዶኒዜቲ «የአልባ መስፍን» የሚል ሊብሬቶ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዶኒዜቲ ሳይጨርሰው ሞተ። ቬርዲ ለፓሪስ ኦፔራ ቃል ሲፈልግ ስክሪብ ያንኑ አውጥቶ ከፍላንደርስ ወደ ሲሲሊ አዛወረው፤ ስሞቹን ለወጠ፤ ድርጊት ጨመረ፤ በ1855 ሌላ ኦፔራ ሆኖ ታየ። ባለቅኔ ይህን ቢሰማ ቅኔ መድገም ነውር ነው ይላል። ስክሪብ ግን አይደንቀውም፤ ቤቱ ጥሩ ከሆነ ነዋሪው ቢቀየር ምን አለበት ባይ ነው።

ቃል በዜማ ላይ ሲቀመጥ ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነም የእርሱ ሥራ አሳይቷል። ከዤርመን ደላቪኝ ጋር ጽፎት ኦበር ሙዚቃ የሰጠው የፖርቲቺዋ ዲዳ ኦፔራ ነሐሴ 25 ቀን 1830 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ ሲታይ ስለ አገር ፍቅር የሚዘፈነው የሁለት ሰዎች ዘፈን ተመልካቹን አስነሣው። ሕዝቡ ከአዳራሹ ወጥቶ አደባባይ ተጥለቀለቀ፤ ቤልጅግ ከሆላንድ የተለየችበት አብዮት በዚያ ሌሊት ጀመረ። ስክሪብ ራሱ አብዮተኛ አልነበረም። ቃሉ ብቻውን ቢነበብ ማንንም ከወንበሩ ባላስነሣ ነበር።

ስለ ፈረንሳይ ሊብሬቶ ጸሐፊዎች ከተነሣ የእኛንም ስም ያነሣ አለ። «አይዳ» የምትባለው የቬርዲ ኦፔራ ዋና ገጸ ባሕርይ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የታሪኩን ንድፍ የሰጠው ፈረንሳዊው የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት ነው፤ ካሚል ዱ ሎክል በፈረንሳይኛ አደራጀው፤ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ በጣሊያንኛ ግጥም አደረገው። ኦፔራው በ1871 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ታየ፤ ያስደረሰው ኸዲቭ እስማኤል ነው። እንግዲህ ይህ ኸዲቭ በመድረኩ ላይ ኢትዮጵያ ስትሸነፍ ባየ በአራት ዓመት ገደማ እውነተኛ ጦሩን ልኮ ጉንደትና ጉራ ላይ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ በዐፄ ዮሐንስ ጦር ድል ሆነ። ሊብሬቶ ጸሐፊዎቹ የጻፉት መጨረሻ አልያዘም።

ወደ ዮፍታሔ እንመለስ። ጣሊያን አገሩን ሲወር ወደ ሱዳን ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው የተነሡበት መንገድ በበለያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ የሚወጣው ነው፤ በለያ ከጫግኒ በስተ ሰሜን ምዕራብ በመተከል ቆላ ያለው ነው፤ ጫግኒም የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናት። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ያ የ1923ቱ መዝሙር እንደ ገና አደባባይ ወጣ። አምስት ዓመት መዘመሩ የተከለከለ ግጥም ሳይጻፍ በሰው አፍ ቆይቶ ነበር።

ዮፍታሔ ቀኝ ጌታ የሚል ማዕረግ አግኝቶ፣ ከነጻነት በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሮ፣ በ1939 ዓ.ም. ሞተ። ተውኔቶቹ እንደ መዝሙሩ አልታደሉም። በእጅ የተጻፉ፣ ተማሪ በቃሉ አጥንቶ የተጫወታቸው፣ ዜማቸው በኖታ ያልተቀመጠ ነበሩ፤ ቃሉ ቢገኝ እንኳ የተዘፈነበት የለም። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ የሰውየውን ሕይወትና ሥራ ተከታትሎ ባያጠናው ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ከዚህም ያንስ ነበር። ስክሪብም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፦ በዘመኑ ፓሪስን የሞሉት ኮሜዲዎቹ ዛሬ ብዙም አይታዩም፤ ስሙ የሚነሣው ሜየርቢርና ቬርዲ ሲነሡ ነው። ልዩነቱ ስክሪብ ድርሻውን በሕይወቱ መቀበሉ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። በጫግኒና በዙሪያዋ የተማሪ ክበብ ተውኔት ሲያዘጋጅ ዘፈን ማስገባቱ አይቀርም፤ ዘፈኑም አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በአውኚ ይሆናል። አማርኛውን ከላይ ባየነው መንገድ ማስተካከል ይቻላል። አውኚ ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ከሚለዩባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአማርኛ ዜማ ላይ የአውኚ ቃል የሚጭን ልጅ ቀለሙ ልክ ቢመጣለት እንኳ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ቃሉ ወደ ታች መውረድ የነበረበት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱም የፓሪሱም ሕግ ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌዎች በሠርግና በፈረስ ጉግስ የሚያወጡትን ዜማ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል መመዝገብ፣ ቃሉን ከዚያ ተነሥቶ መግጠም ይጠይቃል። ግጥሙ ሲያልቅ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የጻፈውንም ዜማ የሰጠውንም ሰው ስም ማስፈር።